የወይዘሮ ፀሐይነሽ አምስት ሊሬ

ቦሌ ሚካኤል የሚኖሩት ጡረተኛው የአውሮፕላን ቴክኒሻን አቶ ገረመው ብር ይሰበስባሉ። እንዲህ ሲሉ ሰው የዕድር መዋጮ እየመሰለው ይሸሻቸዋል። እሳቸው የሚሰበስቡት ግን በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል አውሮፓ ውስጥ የተመቱ የብር ሳንቲሞችን ነው፤ የፖላንድ፣ የኦስትሪያ፣ ከሁሉ በላይ የጣሊያን። በፈረንጅ 1937 የወጣችውን አምስት ሊሬ ግን ዘጠኝ ዓመት ፈልገው አጥተዋታል።

ባለፈው ኅዳር የወንድማቸው ልጅ አብነት፣ ሮሃ የምትባል ልጅ ሊያገባ ሽማግሌ ላካቸው። ከጓደኛቸው ከአቶ መሐሪ ጋር ለሚ ኩራ፣ እነሮሃ ቤት ሄዱ። እናቷ ወይዘሮ ፀሐይነሽና አጎቷ አቶ ፀጋዘአብ ተቀበሏቸው።

"ተቀመጡ እንጂ!" አሉ አጎትየው።

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ አቶ መሐሪ እንደ ወጉ። "ልጃችሁን ሮሃን ለልጃችን..."

አቶ ገረመው መስማት አቁመዋል። ወይዘሮ ፀሐይነሽ አንገት ላይ፣ ከሰንሰለቱ ጫፍ፣ የጣሊያን ንጉሥ ጭንቅላት ያለባት ሳንቲም ተንጠልጥላለች።

"ለመሆኑ የስንት ዓመት ናት?" አሉ ድንገት።

"ሃያ ሰባት ሞላት" አሉ እናት።

"አይሆንም! የሠላሳ ሰባት መሆን አለባት!"

አቶ መሐሪ እግራቸውን ረገጧቸው። አልሰሙም።

"ጀርባዋን አንዴ ባየው ይለይልኝ ነበር።"

ከጓዳ ሳህን ወድቆ ተሰበረ። "የማንን ጀርባ?" አሉ አቶ ፀጋዘአብ እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ።

"የሊሬዋን ነዋ!" አቶ ገረመው ከኪሳቸው ማጉያ መነጽር አወጡ።

ወይዘሮ ፀሐይነሽ ወደ ደረታቸው አየት አደረጉና እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። "አባቴ የሰጡኝ ናት" ብለው ሰንሰለቱን አውልቀው ሰጧቸው። አቶ ገረመው ገለበጧት። ልጆቿን የታቀፈች እናት፤ ከጎኗም 1937። ወጉን ረስተው ሶፋው ላይ ዘጭ አሉ።

"እባክዎ ይሽጡልኝ!"

"ልጄንም ሊሬዬንም? አንዷን ምረጡ!"

"ልጅቷን!" ብለው ጮኹ አቶ መሐሪ፣ ጓደኛቸው አፋቸውን ሳይከፍቱ።

እንደ ደንቡ በሁለት ሳምንት ተመለሱ ተባሉ፤ ልጅቷም ተፈቀደች፣ ሰርጉ በጥር ሆነ። በሰርጉ ፎቶዎች ሁሉ አቶ ገረመው ከወይዘሮ ፀሐይነሽ ጎን ቆመው የሴትዮዋን አንገት ያያሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ንግሥቲ አልበሙን ገልጠው "ካሜራው እኮ ወዲህ ነበር" አሉና ሦስት ቀን አኮረፉ።