መሪ ያላት ባቡር

አባቴ ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ግቢ ውስጥ ፉርጎ የምታቀያይር ትንሽ የናፍጣ ባቡር ሲነዳ ነው ያረጀው። እናቴ ስታርፍ ብቻውን አልተወውም ብዬ ወደማስተምርበት ወደ ቢቸና አመጣሁት። አመጣሁትና ምን አተረፍኩ! ሁለት ወር ሙሉ ግድግዳ ላይ አፍጥጦ ተቀመጠ። ብርዱ አልተስማማውም፣ የሚያውቀው ሰው የለም፣ ምግብ ይገፋል። «ምን ላድርግልህ አባዬ?» ስለው «አቦ ተዪኝ» ይላል። እኔ ደግሞ ንዴቴ ቅርብ ነው፤ እጮህበትና ጓሮ ሄጄ አለቅሳለሁ።

ጎረቤታችን አናጢ ነው። አልጋና ቁምሳጥን ይሠራል፤ ባቡር በዓይኑ አይቶ አያውቅም። የአባቴን ነገር ባጫወትኩት በሳምንቱ ከዋንዛ እንጨት ክንድ የምታህል ባቡር ሠርቶ ይዞ መጣ። አባቴ ተቀበለውና ጋቢናዋን አጮልቆ አየ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«መሪ ነዋ አባባ!» አለ አናጢው።

«ባቡር ምን መሪ አለው! ሐዲዱን ትቶ ወዴት ሊጠመዝዘው ነው?»

ወይ ጉድ! አይሱዙ ብቻ ሲያይ ያደገ ሰው ምን ያድርግ። እኔ የባቡር ነጂ ልጅ ሆኜ እንኳ ልብ አላልኩትም፤ አፈርኩ።

አባቴ በዚያው ንዴቱ አናጢው ቤት ሄደ። በማግስቱም ሄደ። ሁለተኛዋ ባቡር መሪ አልነበራትም፤ ጎማዋ ግን ልሙጥ ሆኖ ሐዲድ የሚይዝበት ጠርዝ አልነበረውም። ሦስተኛዋ ጠርዝ አገኘች፤ ጋቢናዋ የኋላ መስኮት አጣች። «ግማሽ ዕድሜዬን ወደ ኋላ ነው የነዳሁት እኮ!» ብሎ ጮኸ። አራተኛዋ መወጣጫ ደረጃ ጎደላት። እየተቆጣ መብላት ጀመረ። ራት ላይ ስለ ፍሬን ያወራኛል። ደስታዬን የት ላድርሰው!

አንድ ቀን ምሳ ላይ ግን «አምስተኛዋ ልክ ከሆነች ይዣት ወደ አገሬ እሄዳለሁ» አለኝ። እዚያ ማን አለው? በር የሚከፍትለት እንኳ የለም።

አናጢው ጋ ሮጥኩ። «በፈጠረህ፣ አንድ ነገር አጉድልባት!»

«እያወቅሁ ሥራዬን ላበላሽ? ይቅርታ ቲቸር፣ አላደርገውም።»

አኮረፍኩት። ምን አለበት አንዲት ደረጃ ቢረሳ!

የሚፈለገው ቀለም ቢቸና ስላልተገኘ ሁለቱ በሚኒባስ ሞጣ ሄዱ። አባቴ ሱቅ ለሱቅ ዞሮ፣ ቆርቆሮ እያስከፈተ፣ አንድ አረንጓዴ መርጦ መጣ። የቀባትም ራሱ ነው።

ስትደርቅ ጠሩኝ። መስኮቷ፣ ጠርዟ፣ ደረጃዋ፣ ሁሉም አለ። በልጅነቴ የማውቃት ባቡር ቁርጥ እሷ ናት። ስህተት ፈለግሁባት፤ አጣሁ። አናጢው እጁን አጣምሮ ይጠብቃል።

አባቴ አዙሮ አያት፣ ገልብጦ አያት፣ በመዳፉ ዳበሳት።

«ቀለሙ አይደለም» አለ።

«እንዴ አባባ! የመረጡት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«አይደለም አልኩህ። የኛዋ ትንሽ ጠቆር ትላለች።» እኔን ቀና ብሎ አላየኝም። «ሌላ ጀምር። ክረምቱ ሲወጣ ሞጣ ሄደን ደህና ቀለም እንመርጣለን።»

ያን ጊዜ ገና ሚያዝያ ነበር።