በገና ባዶውን የሚመለስ ሳህን

አጎቴን ጋሼ እላቸው ነበር። ከአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ ከወጡ ጀምሮ ከእኛ ጋር ኖሩ። የጎረቤት ሳህን ባዶ እንደማይመለስ ማንም ያውቃል። ጋሼ ግን በገና ዶሮ ወጥ ሲልኩ “ሳህኑን ባዶውን መልሱልኝ” ይላሉ። ሰው የሆነ ነገር አድርጎበት ከመለሰ እዚያው ወስደው ያስረክቡታል።

“ጋሼ፣ ሰው ይቀየመናል” እላቸዋለሁ፤ እኔ የሰው ፊት ያስፈራኛል።

“ይቀየም። እግዚአብሔር ልጁን ሲሰጠን ምን መለስንለት? በዓመት አንድ ቀን እንኳ ሰው ዝም ብሎ መቀበል ይልመድ፤ አንቺም ልመጂ።”

ዘንድሮ ያለ እሳቸው የመጀመሪያው ገና ነው። ወጡን ለጎረቤታችን ራሴ ወሰድኩላት፤ እንደ እሳቸውም አስጠነቀቅኳት። ከሰዓት በኋላ ሳህኑን ብርቱካን ሞልታ መጣች።

“ባዶውን አላልኩሽም?” አልኳት ተናድጄ።

“እሳቸው እያሉ እሺ ብዬ ኖርኩ። አሁን ማን ሊከለክለኝ ነው? አንቺ?”

ብርቱካኑን ልመልስላት አሰብኩ፤ የእሳቸው ድፍረት ግን የለኝም። ሳህኑን ተቀበልኳት። እስካሁን የሚያናድደኝ ግን እሱ አይደለም። ገና በሩን ሳልዘጋ፣ ለጥምቀት ምን እንደምልክላት ማሰብ ጀምሬ ነበር፤ የሚቆጣኝም አልነበረም።