ቡሬ የተሰፋችበት መጋቢት

ባለፈው መጋቢት፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሴንትራል ፓርክ በሚባል ሰፈር ባለው ቤቴ መስኮቱን ከፍቼ ሳህን ሳጥብ፣ ከጎረቤት ግቢ የድመት ድምፅ መጣ። ተራ ሚያውታ አልነበረም፤ ከሆድ ተነስቶ ጉሮሮ ላይ የሚሰበር፣ ሕፃን ወድቆ ነው ብሎ ሰውን የሚያስሮጥ ረጅም ጩኸት ነበር። እጄ ከነአረፋው ቆመ። ባለቤቴ «ምን ሆንሽ?» አለኝ፤ እኔ ግን ለአንድ አፍታ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ኦሮራ ከተማ በነበረው አፓርታማችን ኮሪደር ላይ ቆሜ፣ አባዬ እንዳይነቃ ትንፋሼን ውጬ ነበር።

ቡሬ ወደ ቤታችን የገባችው ሰመር ላይ፣ ትምህርት በተዘጋበት የሙቀት ወቅት ነው። ከሕንፃችን ጀርባ፣ ከቆሻሻ ገንዳው ሥር፣ መዳፍ የማትሞላ ሆና አገኘኋትና በሹራቤ ጠቅልዬ አመጣኋት። ነጭ፣ ጥቁርና ቡናማ ጣል ጣል ያለባት ስለነበረች አባዬ ገና ሲያያት «ይቺማ ቡሬ ናት» አለ። እማዬ «የበሬ ስም ለድመት!» ብላ ሳቀች፤ ስሙ ግን በዚያው ጸና። እማዬ ያን ጊዜ ብዙ ትስቅ ነበር። ነርሲንግ ሆም ውስጥ አረጋውያንን ስታነሳና ስታስተኛ ውላ፣ እግሯ አብጦ መጥታ ሶፋው ላይ ስትጋደም፣ ቡሬ ሆዷ ላይ ወጥታ ሊጥ እንደሚያቦካ ሰው በፊት እግሮቿ ትረግጣት ነበር። እኔ ደግሞ ብቸኛ ልጅ ስለነበርኩ፣ ምግብ በቀረበ ቁጥር «ወንድም መቼ ነው የምትወልጂልኝ?» እያልኩ እጨቀጭቃት ነበር፤ እሷም «እግዜር ሲፈቅድ» እያለች ታጎርሰኝ ነበር።

ቅጠሉ ሲረግፍ እማዬን ሆዷን ያማት ጀመር፤ ሆስፒታል ገብታ ቀናት ቆየች። ሐኪሙ የሚለውን የሚያስተረጉምላት አባዬ ነበር፤ ለእኔ የተነገረኝ «ትንሽ ቀዶ ጥገና ነው፤ ድናለች» የሚለው ብቻ ነው። የተመለሰችው ግን ሌላ ሴት መሰለችኝ። ድንገት ፊቷ ይቀላና አንገቷ በላብ ይርሳል፤ ያኔ ውጭ በረዶ እየጣለ የበረንዳውን በር ወለል አድርጋ ከፍታ፣ በስስ ቀሚስ ደጃፉ ላይ ቆማ በአፏ ትተነፍስ ነበር። ጫማዬ መንገድ ላይ ከተገኘ ትጮኽብኝና፣ ወዲያው መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ ውኃውን ከፍታ ታለቅስ ነበር። ምን እንደሆነች ስጠይቃት «ደክሞኝ ነው» ትለኝ ነበር። እኔም ምንም ስለማላውቅ ስለ ወንድሜ መጠየቄን አልተውኩም፤ አንድ እሑድ እንደልማዴ ስጠይቃት የያዘችውን ጉርሻ መልሳ አስቀምጣ ከማዕዱ ተነሳች። አባዬ «ዝም በይ አልኩሽ!» ብሎ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸብኝ።

ገና ካለፈ በኋላ ቡሬ ወንድ መፈለግ ጀመረች። በሆዷ ምንጣፉ ላይ እየተሳበች፣ ጀርባዋን አጉብጣ ጅራቷን ወደ ጎን እየጣለች፣ ከበር በር እየዞረች ትጮኽ ነበር። ሳምንት ጮኻ ጥቂት ቀን ታርፋለች፤ ደግሞ ትጀምራለች። አባዬ ኤርፖርት ታክሲ የሚሠራው ከማታ እስከ ንጋት ስለነበረ፣ የሚተኛው ቀን ነው። እሱ አልጋው ላይ ትራሱን ጆሮው ላይ ጭኖ ሲገላበጥ፣ የታችኛው ፎቅ ሰውዬ በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሱን ሲደበድብ፣ እኔ ከትምህርት ቤት መልስ ቡሬን አቅፌ ልብስ ማስቀመጫው ውስጥ ተደብቄ እለምናት ነበር።

«ይቺን ድመት ወይ አሳክሚያት፣ ወይ ለሰው ስጫት» አለ አባዬ አንድ ቀን፣ ዓይኑ ደም መስሎ ከመኝታ ቤት ወጥቶ። «ስፔይ ማድረግ፣ እንዳትወልድ ማሳከም እኮ እዚህ አገር ሁሉም ሰው የሚያደርገው ነው።»

«ሆዷን አላስቀድድም!» አለች እማዬ። «አንተ ምን ቸገረህ? የሚወጣው ካንተ ሆድ አይደለም!»

አባዬ ትራሱን ብብቱ ሥር ይዞ ወረደና ፓርኪንግ ላይ በቆመው ታክሲው ውስጥ ተኛ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብዙ ቀን እዚያው ይተኛ ነበር፤ ቤታችን ውስጥ ሁለቱ ከ«ብላ» እና «በላሁ» ያለፈ አይነጋገሩም ነበር።

የሕንፃው ማኔጀር በራችን ላይ ማስጠንቀቂያ ለጠፈች፤ ከጎረቤት አንድ ቅሬታ ቢጨመር ድመቷ ትወጣለች። ወረቀቱን ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። በሳምንቱ ጠዋት አባዬ ገባና ወንበር ላይ ዘጭ አለ። ሃይዌይ ላይ እንቅልፍ ጥሎት፣ መኪናው የመንገዱን ዳር ብረት እየፋቀ ሄዶ ነው ያነቃው። እማዬ መስኮት ሄዳ የተቦጨቀውን የታክሲውን ጎን አየች፤ ሳትዞር «ሊያ፣ ደውዪና ለድመቷ ቀጠሮ ያዢላት» አለችኝ።

መጋቢት ላይ የሄድንባት የእንስሳት ሐኪም ፀጉሯ የሸበተ፣ እርጋታ ያላት ሴት ነበረች። እማዬ ከእኔ ጋር ገባች፤ የማስተረጉመው እኔ ነኝ።

«ጠይቂልኝ» አለች እማዬ፣ ቡሬን ከነሳጥኗ ጭኗ ላይ አድርጋ። «የሚወጣው ማሕፀኗ ብቻ ነው ወይስ እንቁላል የሚሠራውም?»

ጠየቅኩላት። «ሁለቱም» አለች ሐኪሟ። «እንቁላል እጢዋ ሲወጣ ሆርሞኑ ይቀንሳል። ጩኸቱ ግን በአንድ ጊዜ ላይቆም ይችላል፤ ሰውነቷ እስኪለምድ ጥቂት ቀን፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል። ከዚያ ትረጋጋለች፤ ምግብ ትወዳለች፣ እንዳትወፍር መጥኑላት።»

«ይሞቃታል ወይ? እሳት እንደ ገባበት ሰው ላብ ላብ ይላታል? ያስለቅሳታል?»

ጥያቄው ገርሞኝ ተረጎምኩት። ሐኪሟ ፈገግ ልትል ጀምራ እማዬን አየችና ፈገግታዋን ተወችው። «ድመቶች እንደዚያ አይሆኑም» አለች ቀስ ብላ። «ሴቶች ግን ይሆናሉ። ለእናትሽ ንገሪያት፤ እሷ ላይ ደርሶ ከሆነ የሚረዳ ሕክምና አለ፤ ሐኪሟን ትጠይቅ።»

እዚያች ክፍል ውስጥ፣ ከእማዬ ሆድ ምን እንደወጣ ገባኝ። በየማዕዱ ምን ስጠይቃት እንደከረምኩም ገባኝ። ጆሮዬ ጋለ።

«ምን አለች?» አለች እማዬ።

«ድመት አይሞቃትም አለች» አልኩና ሌላውን ዋጥኩት።

ቡሬ ሆዷ ተላጭቶ፣ ተሰፍታ፣ ስፌቷን እንዳትልስ አንገቷ ላይ የፕላስቲክ ቆብ ታስሮላት ተመለሰች። የመድኃኒት ሽታ ይሸታታል። እጄን ስሰድላት ጥርሷን አውጥታ ፊሽ አለችብኝ፤ አልጋ ሥር ገብታ ምግብ እንቢ አለች። በማግስቱ ደግሞ ያ ጩኸት፣ ደከም ብሎ፣ እንደገና ተሰማ። አባዬ «ይኸው፣ በከንቱ አስቀደድናት» አለ። እማዬ አልጋው አጠገብ ወለሉ ላይ ተኝታ፣ ዓሣ በጣቷ እየዘረጋችላት «አይዞሽ፣ ያልፋል፣ ያልፋል» ትላት ነበር።

በሦስተኛው ቀን፣ አመሻሹ ላይ፣ እማዬን ያ ሙቀት መጣባትና የበረንዳውን በር ከፈተችው። ቡሬ ቆቡን አውልቃ ነበር፤ በእግሮቿ መካከል ሾልካ ወጣች። አፓርታማችን አንደኛ ፎቅ ላይ ስለነበር ከበረንዳው ወደ ቁጥቋጦው፣ ከዚያ ወደ ፓርኪንጉ ለመዝለል አልከበዳትም። እማዬ ጮኸች። እኔ በካልሲ፣ እሷ በነጠላ ጫማ፣ በረዶው ውስጥ ሮጥን። በየመኪናው ሥር እየተንበረከክን «ቡሬ! ቡሬ!» እያልን ስንፈልግ፣ ትናንሽ የእግር ምልክቶች በበረዶው ላይ አገኘን። ተከተልናቸው፤ የአባዬ ታክሲ ጎማ ሥር ሄደው ጠፉ። ከሥሩ ግን የለችም።

አባዬ ለማታ ሥራው ወርዶ መሪው ላይ ተቀምጧል። መስኮቱ በጉም ስለታፈነ እሱ እኛን አላየንም፤ ጉሙ በሳሳበት በኩል ግን ቁልፉን ሊያዞር እጁን ሲሰድ እኔ አየሁት። እማዬ የሞተሩ ክዳን ላይ በደረቷ ወደቀችበት።

«እንዳታስነሳው! ውስጥ ናት! በእመቤቴ ይዤሃለሁ፣ እንዳታስነሳው!»

አባዬ እጁን እንደተቃጠለ ሰው መንጭቆ ወረደ። ክዳኑን ሲከፍተው ቡሬ ከባትሪው ኋላ፣ ሙቀት ፍለጋ ገብታ፣ የሞተሩ ቀበቶ አጠገብ ተሸጉጣለች። እጁን ቀስ ብሎ ከተተ፤ ቧጠጠችው፤ ደሙ እየወረደ ሳይለቃት አወጣትና ጃኬቱን አውልቆ ጠቀለላት። የሆዷን ስፌት ዓይቶ «አልተፈታም» አለ። እማዬ እዚያው የታክሲው ጎን ላይ ግንባሯን ደፍታ አለቀሰች፤ ውኃ ሳትከፍት ስታለቅስ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት ያን ቀን ነው።

ያን ቀን አባዬ ሥራ አልሄደም። ወጥ ቤት ውስጥ ሦስታችን ተቀምጠን፣ እማዬ እጁን በሳሙና ስታጥብለት፣ እኔ መቻል አቃተኝ።

«እማዬ፣ የቡሬ ሐኪም ሌላም ነገር ብላ ነበር። ለሙቀቱ ሕክምና አለው አለች። ላንቺ። ሐኪምሽን ጠይቂ አለች።»

ውኃውን ዘጋችው። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ከነገርኩሽ፣ ማወቄን ታውቂያለሽ ብዬ።»

አባዬ አንገቱን ደፍቶ «እኔም ሐኪሙ ያለውን ሁሉ አልነገርኩሽም» አላት። «ስለ ሆርሞኑ፣ ስለሚመጣብሽ ነገር ብዙ ብሎኝ ነበር። ያኔ ፊትሽን ሳየው አቃተኝ።»

ይጣሉ ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ። እማዬ የአባዬን እጅ በፎጣ ጠቅልላ፣ እኔን ወደ ራሷ ስባ «እንግዲህ ሰኞ ሐኪሜ ጋ እሄዳለሁ» አለች። «ሁለታችሁም አብራችሁኝ ትገባላችሁ። አንዱ የዋጠውን ሌላው ይነግረኛል።»

ስፕሪንግ ገብቶ ዛፉ ሲያብብ የቡሬ ጩኸት እየሳሳ ሄዶ ጨርሶ ጠፋ። ፀጉሯ ተመልሶ በቀለ፤ ወፈረችና ሆዷ ወረደ፤ አውራ ድመቶች በበረንዳው በኩል ሲያልፉ አንድ ዓይኗን ገልጣ መልሳ ትጨፍን ነበር። አባዬ ቀን አልጋው ላይ ይተኛ ጀመር። እማዬ በአንድ ጊዜ አልዳነችም። ሐኪሙ መድኃኒት አዘዘላት፤ ሙቀቱ እየራቀ መጣ፤ ሐዘኑ ግን በራሱ ጊዜ ነው የሄደው፣ ሁሉም እንደሄደ ደግሞ አላውቅም። ስለ ወንድም ከዚያ በኋላ አልጠየቅኩም። አንድ ቀን እሷው ራሷ ፀጉሬን እየሠራችልኝ «ስሙን እንኳ አስቤለት ነበር» አለችኝና ስሙን ነገረችኝ። አባዬም እስከዛሬ ስሙን የሚያውቅ አይመስለኝም።

ዛሬ እኔ እማዬ ያኔ ወደነበረችበት ዕድሜ እየተጠጋሁ ነው። እሷ ሐኪሟ ጋ ብቻዋን ትገባለች፤ በራሷ እንግሊዝኛ ትጠይቃለች፣ ያልገባትን ታስደግማለች። ያን ጊዜ «ደክሞኝ ነው» ስትለኝ አምኜ ወደ ጨዋታዬ እሮጥ ነበር። አሁን እሑድ እሑድ ስትደውልልኝና «እንዴት ነሽ?» ስላት፣ ያመማትንም፣ ያስከፋትንም አንድ በአንድ ትነግረኛለች፤ እኔም የያዝኩትን አስቀምጬ ቁጭ እላለሁ፣ እስክትጨርስም አላቋርጣትም።