የልብስ ሰፊው ሙሽራ

ልብስ ሰፊው ቤቱን እንደ ጨርቅ እየቆረጠ ልጁን ያስተማረ ሰው ነው። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ የቀረችው አንዲት ልጁ ኮሌጅ ገባች፤ ኮሌጁ ደግሞ በየዓመቱ ክፍያ ይጨምራል። ሰበቡ ሁልጊዜ «የትምህርት ጥራት» ነው። ጥራቱ እስካሁን የታየው አጥሩ ላይ ነው፤ ቀለሙ ሳይደርቅ ሌላ ይቀባል። ዲኑ ወላጆችን ሰብስቦ «ትምህርት ኢንቨስትመንት ነው» ብሏል፤ እሱ ራሱ ኢንቨስት ያደረገበት ሆዱ ግን ከኮቱ አምልጦ ይታያል።

መጀመሪያ ሲጨምሩ ሰውየው ሳሎኑን አከራየ። ሲደግሙ መኝታ ቤቱን። ሲሰልሱ የልጁን ክፍል ከነአልጋዋ፣ ግድግዳው ላይ ከለጠፈችው የዓለም ካርታ ጋር ለአንድ ኢንሹራንስ ሻጭ ሰጠ። እሱ መንገድ ዳር ወዳለችው መስፊያ ክፍል ገብቶ፣ ጨርቅ በሚቆርጥበት ጠረጴዛ ሥር ፍራሽ ዘረጋ። ጠዋት ሲነሣ ግንባሩን ከጠረጴዛው ያጋጫል፤ እንደምን አደርክ የሚለው ያ ጠረጴዛ ብቻ ነው።

የዕረፍት ጊዜ ሲደርስ ልጁ ደወለች።

«አባዬ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ።»

ክው አለ። ይህን ካየች ትምህርቷን ጥላ ሥራ ፍለጋ ትወጣለች፤ እልኸኛ ናት፣ የእናቷን ነው የወሰደችው።

«ምን ያደርግልሻል የኔ ልጅ? እዚያው ሆነሽ አጥኚ።»

«ባለፈውም እንዲሁ አልክ። ምነው፣ ሚስት አገባህ እንዴ?» ብላ ሳቀች።

እሱም ሊስቅ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«አዎ… ልነግርሽ አፍሬ ነው። እሷም ቤቱን ትንሽ እስክትለምድ ብዬ…»

«እንኳን ደስ አለህ» አለችው። አባዬ የሚለው ቀረ። መደወሉም ቀረ።

ተከራዮቹ ሲሳሳቁ በገዛ ግድግዳው በኩል ይሰማል። ኢንሹራንስ ሻጩ ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ብቻዎን አይደብርዎትም? ልጅ የለዎትም?» አለው፣ ከልጁ አልጋ ተነሥቶ የመጣው ሰውዬ።

«አለችኝ፤ ትማራለች።»

አንድ ቀን የልጁ ጓደኛ ሻርፕ ይዛ መጣች። «ለባለቤትዎ ነው፤ ልጅዎ ከምሳዋ እየቀነሰች የገዛችላቸው። የኛ ቤት ይበርዳል፣ ይደርቡት ብላለች። የታሉ?»

ፍራሹን በተረከዙ ወደ ውስጥ ገፋ። «ገበያ ወጥታለች።»

ልጅቷ ስትሄድ ሻርፑን የልብስ ማሳያዋ አሻንጉሊት ትከሻ ላይ ጣል አደረገው። ጠርዙ ላይ አንድ ክር ላልቷል። መርፌ አነሣና፣ ለሌለችው ሚስቱ አጥብቆ ሰፋላት።