የጎማ ክር ያጠብንበት ሐይቅ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተሰጠኝ አንድ ፒንሳና አንድ ያረጀ የጭነት መኪና ጎማ ነው። መረብ ሥራ ሊያስተምረኝ የተቀበለኝ ጋሽ ዳልቃ ጎማውን በቢላ ሰነጠቀልኝና፣ ውስጡ ክር አለ፣ ሳትበጥስ ሳብ አለኝ። ትምህርቱ ይኸው ነበር። ቦታው ጫሞ ሐይቅ ዳር ነው፣ ዓሣ ከታንኳ የሚራገፍበት።

አባቴ ኦቾሎ መንደር ሸማኔ ነበር። ክር ከጥጥ እንጂ ከጎማ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። እስከ ምሳ ሰዓት አንዱን ክር እንኳ በሙሉ አላወጣሁም። ጋሽ ዳልቃ አልተቆጣም። የሸማኔ ልጅ መሆኔን ሲሰማ፣ «እንግዲያ እጅህ ያውቃል፤ የማታውቀው አንተ ነህ» ብሎ ሳቀብኝ። ነፍሱን ይማረው፣ አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተናገረኝም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከጎሚስታ ያለቀለት ጎማ እናመጣለን። ጀማሪ ክር ይስባል። ክሩ ሲወጣ ጥቁር የጎማ ፍርፋሪ ይዞ ስለሚወጣ ታጥቦ ይፈተጋል። ከዚያ ገማጁ ሁለት ሁለቱን ጭኑ ላይ አሽቶ ይገምደዋል። ቋጣሪው በቀርከሃ መርፌ፣ የመረቡን ዓይን በእንጨት እየለካ ይቋጥራል። ከሁሉ በላይ ጠጋኝ ነው። አዞ የቀደደውን መረብ የሚመልስ እሱ ስለሆነ አጥማጁ ሁሉ ያከብረዋል። እኔ ጠጋኝ ለመባል ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ማጠቢያችን ሐይቁ ነበር። አንዳችን አዞ እንዳይመጣብን እንጠብቃለን፣ ሌሎቻችን እስከ ጉልበት ገብተን ክሩን በአሸዋ እንፈትጋለን። ውሃው ይጠቁራል፣ ትንሽ ቆይቶ ይጠራል። ፍርፋሪው የት ሄደ ብሎ የጠየቀ ሰው አላስታውስም። እኔም አልጠየቅሁም።

በዚህ ሥራ ቤት ሠርቻለሁ፣ አምስት ልጆች አሳድጌአለሁ። የመጨረሻው ልጄ ማርቆስ ሥራውን ከእኔ ተምሮ፣ ዓይኔ ሲደክም መርፌዬን ተረከበኝ። እኔም ቤት መቀመጥ አልሆንልህ ብሎኝ በየጠዋቱ ወደ ውሃው እወርድ ነበር፣ ለወሬውም ቢሆን።

ሰላማዊት የምትባል ከዩኒቨርሲቲ የመጣች ልጅ ያገኘኋት በዚያን ጊዜ ነው። ዓሣ ከሚበልቱት ሴቶች የቆሮሶ ዓሣ ሆድ ዕቃ ትለምን ነበር። አንዷ፣ «ሌላው ሥጋውን ይለምናል፣ አንቺ አንጀቱን። ምነው፣ ደመወዝ አይሰጡሽም እንዴ?» አለቻት። ልጅቷ አብራ ሳቀችና በብልቃጥ በብልቃጥ ሞልታ ሄደች።

ከሳምንታት በኋላ ማጉያ መሣሪያዋን ይዛ መጥታ የአጥማጆችና የመረብ ሠሪዎች ማኅበራችን ቢሮ ጠረጴዛ ላይ አቆመችው። አባባ ይምጡ፣ ይዩ አለችኝ። አንድ ዓይኔን ጨፍኜ አየሁ። ከዓሣው አንጀት የወጣ ቁራጭ ክር ነው፣ ከቅንድብ ፀጉር ያጠረ። ላስቲክና ናይለን ውሃ ውስጥ አይበሰብስም፣ እያነሰ እያነሰ ሄዶ ዓይን የማያየው ይሆናል፣ ዓሣውም ከምግቡ ጋር ይውጠዋል ብላ አስረዳችኝ። ይህኛው ከከተማ የመጣ መሰላት፣ ከልብስ እጥበት ወይም ከማዳበሪያ ጆንያ።

እኔ ግን ክሩን አወቅሁት። ጫፉ ላይ ጥቁር የጎማ ፍርፋሪ ተጣብቆበታል። ስንት ዓመት ጣቴ ላይ የኖረ ነገር እንዴት ይጠፋኛል?

ሰው ይጎዳል ወይ ብዬ ጠየቅኋት። አላስፈራራችኝም፣ አልዋሸችኝምም። በሰው ደምና ሳንባ ውስጥ መገኘቱን፣ ሰውነትን ሳያስቆጣ እንደማይቀር፣ ምን ያህል እንደሚጎዳ ግን ገና እየተጠና መሆኑን ነገረችኝ። ክሩ የእኛ መሆኑን ሳልነግራት ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ለማርቆስ ነገርኩት። ቋጠሮውን ሳያቋርጥ ሰማኝና፣ «አባዬ፣ ተው ዝም በል። ጎማ ከከለከሉን አንተ ጨርሰሃል፣ እኔ ገና ነኝ» አለኝ። እውነቱን ነው። የፋብሪካ መረብ መግዣ የለውም፣ እሱም ልጆች አሉት።

በሦስተኛው ቀን ስብሰባ ተጠራ። ዓሣው ሆድ ውስጥ ላስቲክ ተገኘ የሚለው ወሬ ከተማ ደርሶ ዓሣ ነጋዴዎች መጠያየቅ ጀምረዋል። የማኅበራችን ሊቀመንበር ባዴ ንዴቱ ፊቱ ላይ ይታያል። ልጅቷ ስማችንን አጠፋች፣ ከነገ ጀምሮ እዚህ እንዳትደርስ አለ። እሷም እዚያው ቆማ ትሰማለች፣ ብልቃጦቿን አቅፋ።

በእኛ በጋሞ መሥራት የማይገባውን የሠራ ሰው ጎሜ ሠራ ይባላል። ጎሜውን ሽማግሌዎች ፊት ቆሞ መናገር አለበት፤ ከደበቀው መዘዙ ለቤቱም ለጎረቤቱም ይተርፋል። ዛሬ አብዛኞቻችን ጸሎት ቤት የምንሄድ ሰዎች ነን፣ ልማዱ ግን ከውስጣችን አልወጣም። ይቅርታ የሚለምን ሰው እንደሚያደርገው ከመሬት እርጥብ ሣር ነጭቼ፣ ያዝኩና ተነሣሁ።

«ክሩ ከከተማ አልመጣም፣ የእኛ ነው» አልኩ። «ያጠብኩት እኔ ነኝ። ሳላውቅ ነው ያጠብኩት፣ ካወቅሁ ግን ሦስት ቀኔ ነው። ልጅቷ ያየችውን ተናገረች እንጂ ማንንም አልበደለችም።»

ባዴ ወደ እኔ ዞረ። «ታዲያ ምን ይሁን ነው የሚሉት? ጎማ እንተው?»

«ጎማውን አላልኩም። ውሃ ውስጥ ማጠቡን ነው ያልኩት።»

ከኋላ ሰው ሲነሣ ሰማሁ፣ ዞሬ አየሁት፤ ማርቆስ ነው። «እኔ ዛሬ ጠዋትም አጥቤያለሁ» አለ። ከዚያ ሌላው ተነሣ፣ ሌላውም ተነሣ። መጨረሻ ላይ ባዴ ራሱ፣ ወጣት ሳለ ክር ሳቢ ነበርና፣ «እኔም አጥቤያለሁ» ብሎ ሰላማዊትን ይቅርታ ጠየቃት።

አሁን ክር የሚፈተገው ከውሃው ርቆ፣ ሸራ ላይ፣ በደረቁ ነው። ሥራው ይዘገያል፣ እጅም ይልጣል። ፍርፋሪው ተጠርጎ በጆንያ ይገባና የከተማው ቆሻሻ መኪና ይወስደዋል። ከዚያ ወዲያ የት እንደሚደርስ አላውቅም። መረቡም ውሃ ውስጥ ማለቁ አልቀረም፤ ሰላማዊት ይህንንም አልደበቀችንም። ያረጀ መረብ ሐይቅ ውስጥ እንዳይቀር እየሰበሰብን ነው።

እግዚአብሔር ይስጣት፣ ያን ቀን ተቀይማ አልሄደችም። ማርቆስም አልተቀየመኝም። ባዴም ቢሆን፣ ብዙ ሰው ፊት የተናገረውን ቃል ማጠፍ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። አመሰግናቸዋለሁ።

ሥራውን ለምትጀምሩ፦ ክር በደረቁ ፈትጉ፣ ፍርፋሪውን ውሃ ውስጥ አትጣሉ። ያጠፋችሁትን ባወቃችሁበት ቀን ተናገሩ። እኔ ሦስት ቀን ፈጀሁ፤ በሦስቱም ቀን ክር ሲታጠብ ነበር።