የተላጨው ቡችላ

ሞንሴፉ ከተማ ውስጥ መላጣ ውሻ የፈለገ ሰው የሚሄደው ሶራይዳ ጫፍሎኬ ቤት ነው። ከገበያው ጀርባ፣ የገለባ ባርኔጣ ሠሪዎቹን ሰፈር አለፍ ብሎ፣ ቢጫ በር ያለው የጭቃ ቤት። ሶራይዳ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ውሻ አራብታለች። የምታራባውም የአገሩን ውሻ ነው፤ ፀጉር የሚባል ነገር ያልፈጠረበትን፣ ቆዳው ጠቁሮ የሚለሰልሰውን፣ ሲነኩት እንደ ምድጃ ዳር ድንጋይ የሚሞቀውን። ጉልበቱን ቁርጥማት የያዘው ሽማግሌ ጭኑ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ወገቧን ያመማት አሮጊት አቅፋው ትተኛለች። ሐኪም ያላስታገሰውን መላጣ ውሻ ያስታግሰዋል ብሎ የማያምን ሰው በዚያ አገር አይገኝም፤ ቢገኝም ገና ጉልበቱን ስላላመመው ነው።

ሶራይዳ የምትኮራበት ነገር አንድ ነበር። «የኔ ቤት ውሻ ፀጉራም አይወልድም!» ትላለች። ይህን ያልሰማ ጎረቤት የለም። የሌላ ሰው ውሻ ፀጉራም ቡችላ ከወለደች ደግሞ «ከመንገድ ውሻ ጋር ስትማግጥ ነዋ!» ብላ ከንፈሯን ትመጣለች።

ነገሩ ውሸት ነበር፤ ነጭ ውሸት። እናትም አባትም መላጣ ቢሆኑ እንኳ ከቡችሎቹ አንዱ ሁለቱ ፀጉራም ሆነው መወለዳቸው የተለመደ ነው። ተፈጥሮው ነው፤ የማንም መማገጥ አይደለም። ይህንንም ከሶራይዳ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። በእሷ ቤት ፀጉራም ሆኖ የተወለደውን፣ ገና ዓይኑ ሳይገለጥ፣ ባሏ ፊደንሲዮ በባልዲ ይዞት ወደ መስኖው ቦይ ይወርድ ነበር። ሲመለስ ምሳ ይቀርብለታል። እሱ አይናገርም፣ እሷም አትጠይቅም። ባልና ሚስቱ ስማቸውን እንዲህ ጠብቀው ኖሩ።

ፊደንሲዮ ሞተ። በሞተ በሁለተኛው ዓመት፣ ግንቦት ላይ፣ ሞሬና የምትባለው ውሻ ሦስት ወለደች፤ ሁለቱ መላጣ፣ አንዱ ቀይ ፀጉራም። ሶራይዳ ቀዩን ባልዲ ውስጥ ከታ እስከ በሩ ድረስ ሄደች። እዚያ ስትደርስ ቡችላው ጣቷን እንደ ጡት መጥባት ጀመረ። አንጀቷ አልችል አለና ተመለሰች። ጓዳ ውስጥ ከእናቱ ጋር አቆየችው፤ ሰው ሲመጣ ካርቶን ትደፋበታለች።

ከሁለቱ መላጣዎች አንዱ የእትዬ ዶሚቲላ ነበር። እትዬ ዶሚቲላ የሰባ አምስት ዓመት ባልቴት ናቸው። የሶራይዳን አንድ ልጅ ሮስሜሪን ክርስትና ያነሷት እሳቸው በመሆናቸው ሁለቱ ሴቶች አበልጆች ናቸው። ፊደንሲዮ የሞተ ጊዜ በዚያ በሚቆረጥማቸው ጉልበት ዘጠኝ ቀን ሙሉ ከሶራይዳ ቤት አልተለዩም። ድሮ የሰጠቻቸው ውሻ አምና አርጅቶ ሲሞትባቸው፣ ሶራይዳ ገና ሬሳው ሳይነሳ ቃል ገባች። «ከሚቀጥለው ወሊድ የመጀመሪያው የእርስዎ ነው፣ አበልጄ። ብዋሽ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

ቡችሎቹ ሁለት ወር ሲሞላቸው ከሊማ ባልና ሚስት መጡ። አንድ ቡችላ ሊወስዱ ነበር የተነጋገሩት። ሰውየው አዋቂ ነበር፤ የመላጣዎቹን ቡችሎች አፍ እየከፈተ ጥርሳቸውን አየ። መላጣ ውሻ ጥርሱ ጎደሎ ነው። ፀጉራሙ ነው አፉ ሙሉ የሚሆነው።

«እንዲህ የጠሩ ቡችሎች ካየሁ ቆይቻለሁ» አለ። «ሁለቱንም እንውሰዳቸው። ሊማ የውሻ ትርኢት ላይ ሲቀርቡ የአራቢዋ ስም ይጻፋል። ‹ከሶራይዳ ጫፍሎኬ ቤት› ተብሎ፣ በትልቁ።»

«አንዱ እንኳ ሰው አለው» አለች ሶራይዳ።

«ማን ነው?»

«አንዲት ጎረቤት።»

ሰውየው ሳቀ። «ጎረቤትማ የት ይሄዳል? ከሚቀጥለው ይሰጣቸዋል።»

ጎረቤት! ልጇን በክንዳቸው ታቅፈው ወደ ጠበሉ ያቀረቡትን ሴት፣ ባሏን አብረዋት የቀበሩትን ሴት፣ ጎረቤት አለቻቸው። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ እሷንም ሰቀጠጣት። ስሟ ግን ከአፈር ቤቷ ተነሥቶ ሊማ ሲገባ ይታያት ጀምሯል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይላሉ፤ ሶራይዳ የብብቷን ዓይኗ እያየ ነው የሰጠችው። እንግዶቹ ሁለቱንም መላጣዎች ይዘው ሄዱ።

በማግስቱ እንቁላል ሻጯ ቻቡካ በበሩ ብቅ አለች። «እትዬ ዶሚቲላ ‹አልጋውን አንጥፌ እየጠበቅኩ ነው በያት› ብለውኛል። ለውሻ አልጋ! እኔን እንዲህ የጠበቀኝ ባል ቢኖር እንቁላል አልሸጥም ነበር።»

«ዛሬ ከሰዓት አመጣለሁ በያቸው» አለች ሶራይዳ። አፏ ነው እንጂ ልቧ አልተናገረም።

«አበልጄ፣ በድዬዎታለሁ፤ እስከሚቀጥለው ወሊድ ይታገሡኝ» ማለት ይበቃ ነበር። ይህን ማለት አቃታት። ይልቅ ጓዳ ገብታ ካርቶኑን አነሣች። የፊደንሲዮን ምላጭና የጢም ሳሙና አወጣች፤ ቀዩን ቡችላ ጭኗ ላይ አጋድማ ከአንገት እስከ ጅራት ላጨችው። መላጣ ውሻ አናቱ ላይ ትንሽ ፀጉር አይጠፋውምና ቁንጮ አስቀረችለት። የኮኮናት ዘይት እስኪያንፀባርቅ ቀባችው። ቡችላው የሚጫወቱለት መስሎት እጇን ይልስ ነበር። እንዳታየው ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እትዬ ዶሚቲላ ቡችላውን ተቀብለው ጉንጫቸው ላይ አስደገፉት። «እንዴት ይሞቃል! ፓቾ ነው የምለው። ግቢና ተቀመጪ እንጂ፤ ዳክዬ በሩዝ ሠርቼልሻለሁ።»

«ጉንፋን ይዞኛል፣ አበልጄ። እንዳላስተላልፍብዎት።»

ከዚያ በኋላ ጉንፋኑ አልለቀቃትም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ፀጉር ደግሞ እያደር ይበቅላል። ሶራይዳ በጣቷ ትቆጥር ጀመር፦ ዛሬ ቆዳው ይሻክራል፣ ዛሬ ይቀላል፣ ዛሬ ጎረቤት ሁሉ ያያል። ገበያ ስትሄድ በእትዬ ዶሚቲላ በር ላለማለፍ በመቃብሩ በኩል ዞራ ትሄዳለች። ቤተ ክርስቲያን ከሁሉ ኋላ ገብታ ከሁሉ ፊት ትወጣለች። ሰዎች «አበልጅሽ ‹ምነው ጠፋች?› ይላሉ» ሲሏት «ሥራ በዛ» ትላለች። በሁለት ወር ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ቤታቸውን አልረገጠችም። ከሊማ የትርኢቱ ወረቀት መጣላት፣ ስሟ በትልቁ ተጽፎበት። ግድግዳው ላይ ለመስቀል ሚስማር መታች፤ ወረቀቱን ግን አልሰቀለችውም።

መስከረም ላይ ለከተማው በዓል ሮስሜሪ ከቺክላዮ መጣች። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ወሬ ጀመረች።

«የክርስትና እናቴ ጋ ገብቼ ነው የመጣሁት። እማዬ፣ ያ ውሻ! እንዲህ ያለ ልስልስ ቆዳ በሕይወቴ አላየሁም። ‹እናትሽ ከሁሉ የተሻለውን ለኔ ሰጠችኝ› እያሉ ለመጣ ሁሉ ያሳያሉ።»

ሶራይዳ የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። «ልስልስ ነው አልሽኝ? ፀጉር የለውም?»

«መላጣ ውሻ ምን ፀጉር ይኖረዋል? ምን ሆነሻል አንቺ?»

ለጥቂት ደቂቃ፣ አምላክ ይይላትና፣ ደስ አላት። ምናልባት ምላጩ ከሥሩ ነቅሎት ይሆናል፣ ምናልባት እግዜር ምሯት ይሆናል ብላ አሰበች። ሠላሳ ዓመት ውሻ ያራባች ሴት! ቆይቶ ግን የማታውቀው ፍርሃት ያዛት። ሻርፗን አንሥታ ወጣች፤ በመቃብሩ በኩል አልዞረችም።

የግቢው በር ገርበብ ብሎ ነበር። እትዬ ዶሚቲላ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ፓቾ እግራቸው መካከል ቆሟል፤ አንድ ጎኑ የሳሙና አረፋ ለብሷል። የእትዬ ዶሚቲላ ጣቶች በቁርጥማት ከተጣመሙ ቆይተዋል፤ ምላጩ እንዳያመልጣቸው በጨርቅ ከመዳፋቸው ጋር አስረውታል። የግራ እጃቸው ጣት ላይ ደም የደረቀበት ጨርቅ ተጠምጥሟል።

«መጣሽ፣ አበልጄ?» አሉ፣ ትናንት የተለያዩ ይመስል። «እሰይ፣ ያዥልኝ። ይሄ ዱርዬ ጅራቱ ጋ ስደርስ ዳንስ ያምረዋል።»

ሶራይዳ አፈሩ ላይ ቁጭ አለች። ቡችላውን ያዘችው።

«መቼ ነው ያወቁት?»

«ያመጣሽው ዕለት ነዋ። ጣቴን ሲነክሰኝ አፉን ብከፍተው ጥርሱ ግጥም! እኔ እናቴ ቤት መላጣ ውሻ እግሬ ሥር እየተርመሰመሰ ነው ያደግሁት፣ የኔ እመቤት። ዘይቱ ደግሞ! ጠርሙሱን ሙሉ ነው የደፋሽበት? ቀሚሴ እስከ ዛሬ አልለቀቀም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ? ለምንስ ይላጩታል?»

እትዬ ዶሚቲላ ምላጩን ውሃው ውስጥ ነከሩት። «ጎረቤቱ እንዳያማሽ። ‹የኔ ቤት ፀጉራም አይወልድም› ያልሽውን ሁሉም ያውቃላ። አንቺም እንዳወቅኩብሽ ከገባሽ አፍረሽ ትቀሪያለሽ ብዬ ፈራሁ።» ምላጩን ከውሃው አወጡት። «ሳልነግርሽም ቀረሽ።»

ቢሰድቧት በተሻላት ነበር። በዚያ ምላጭ ፊቷን ቢተለትሏት በተሻላት ነበር። በየሁለት ቀኑ፣ በእነዚያ ጣቶች፣ የእሷን ውሸት እየላጩ ጠብቀውላታል፤ እሷ ደግሞ በመቃብር በኩል ስትዞር ከርማለች። አንገቷን ደፍታ አለቀሰች። ፓቾ እንባዋን ሊልስ ሲንጠራራ አረፋው አፍንጫዋ ላይ ተለጠፈ።

«ይቅር ይበሉኝ።»

«ይቅር ካልኩሽ ቆየሁ። ነይ አሁን ቀጥ አድርገሽ ያዢው። በሠላሳ ዓመት አንድ ፀጉራም ቢወለድብሽ ሰማይ ተደፋ እንዴ?»

መውጫው ተከፍቶላት ነበር። «አዎ፣ አንድ ጊዜ ነው» ብትል ነገሩ እዚያው ያልቃል፤ አብረው ዳክዬ ይበላሉ። ሶራይዳ ቀና ብላ የታሰረውን ምላጭ አየችው። እነዚህ እጆች ሌላ ውሸት ሲሸከሙ ማየት አቃታት።

«አንድ አይደለም» አለች። «በየወሊዱ ይወለዳሉ። ሁልጊዜ ነበር።»

«በየወሊዱ?» እትዬ ዶሚቲላ ፈገግ እንዳሉ ነበሩ። «ታዲያ የት ገቡ?»

«ፊደንሲዮ ወደ ቦዩ ይወስዳቸው ነበር።»

የምላጩ እጅ አየር ላይ ቀረ። ፈገግታው ቀስ ብሎ ጠፋ።

«ፊደንሲዮ» አሉ፣ ሙታንን እንደሚወቅስ ሰው።

«እሱን አይውቀሱት። እሱ እኮ ይለምነኝ ነበር፤ ‹ለሰው እንስጣቸው፣ የሚወስድ አይጠፋም› እያለ። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ሰው ካያቸው ስሜ ይጠፋል ብዬ። ከእናታቸው ጡት አላቅቄ አምጥቼ የምሰጠው እኔ ነበርኩ።»

ይህን ለማንም ተናግራው አታውቅም፤ ለንስሐ አባቷም ቢሆን። እትዬ ዶሚቲላ የታሰረውን ጨርቅ በጥርሳቸው ፈተው ምላጩን መሬት አስቀመጡት። የፓቾን አረፋ በቀሚሳቸው ጠረጉለት።

«ስለ ራሴ ይቅር ብዬሻለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ስለ እነሱ ይቅር የምል እኔ አይደለሁም።»

ሶራይዳ ልትሄድ ተነሣች። እትዬ ዶሚቲላ ቀና ብለው አላዩዋትም። «ነገ ሰልፉ ሲያልፍ በር ላይ እቀመጣለሁ» አሉ። «ይሄንንም አልላጨውም፤ በቃው። መምጣት ከፈለግሽ ወንበር አለ።»

በማግስቱ የበዓሉ ሰልፍ ከነማርሽ ባንዱ በዚያ መንገድ አለፈ። እትዬ ዶሚቲላ በራቸው ላይ ነበሩ። አጠገባቸው ሶራይዳ ተቀምጣለች፤ ጠዋት መጥታ ወንበሩን ራሷ ነው ያወጣችው። ፓቾ ጭናቸው ላይ ተጋድሟል፤ አንድ ጎኑ መላጣ፣ ሌላው ጎኑ ቀይ ፀጉር የበቀለበት። ሰው እየጠቆመ ይስቅ ነበር። ቻቡካ የእንቁላል ቅርጫቷን ይዛ ፊታቸው ቆመች።

«ኧረ በናዝሬቱ ጌታ! ይሄ ደግሞ የማን ቤት ጉድ ነው?»

እትዬ ዶሚቲላ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ሶራይዳ ቀደመቻቸው። «የኔ ቤት።»

«ያንቺ? ያንቺ ቤት ፀጉራም አይወልድም አይደል እንዴ የምትዪን?»

«ይወልዳል። ሞሬናም፣ ከእሷ በፊት እናቷም፣ የእናቷም እናት ሲወልዱ ኖረዋል።»

ቻቡካ ሳቋን ጀምራ ነበር። «ታዲያ በዚህ ሁሉ ዓመት አንድም እንኳ ሳናይ…» አለችና አቋረጠችው። ሳቋ ቆመ። ከቡችላው ላይ ዓይኗን አንሥታ ሶራይዳን አየቻት፣ ከዚያም እንደገና ቡችላውን።

ሶራይዳ ፊቷ እንደ እሳት ይነድ ነበር። ቀና እንዳለች ተቀመጠች፤ ቻቡካ ቀሪውን እንድትጠይቃት ጠበቀች።