ሞተራችን ወደ ቀኝ መሳብ የጀመረ ጊዜ

ባሌ እጁን ሳያወናጭፍ መናገር አይችልም። እጁን ብትይዙት ምላሱም አብሮ ይያዛል። ይህን ያወቅሁት ገና ስንተጫጭ ነው፤ ጥቅሙን ያወቅሁት ግን ካርቱም ገብተን ሞተር ብስክሌት ከገዛን በኋላ ነው። ሞተር የሚነዳ ሰው ሁለት እጁ መሪው ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት ከኋላው ተቀምጬ ከሰፈራችን ከሳጃና ሥራዬ እስካለበት ጀሪፍ እስክንደርስ ያለችው ግማሽ ሰዓት፣ በቀን ውስጥ እኔ የምናገርባትና እሱ የሚሰማባት ብቸኛ ጊዜ ነበረች። የቤት ኪራዩን ነገር፣ የልጃችንን ነገር፣ የመኖሪያ ወረቀታችንን ነገር ሁሉ የጨረስነው እዚያ ላይ ነው። እኔ ለጀርባው እናገራለሁ፣ እሱ ራሱን ይነቀንቃል። ምናልባት ራሱን የነቀነቀው የመንገዱ ጉድጓድ ይሆናል፤ እኔ ግን እንደ ስምምነት እወስደው ነበር።

ይህ የሆነው ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሳይመጣ በነበሩት ዓመታት ነው። በፖለቲካ ምክንያት ከአገር የወጣን ሰዎች ነን። ባሌ አገር ቤት ኮሌጅ ያስተምር ነበር፤ ካርቱም ውስጥ ግን ከቤት ቤት እየዞረ የሰው ልጆች እንግሊዝኛ ያስጠናል። እኔ ጀሪፍ ውስጥ አንድ ትንሽ ክሊኒክ ነርስ ነበርኩ። እኔን ክሊኒኩ በር ላይ ያወርደኛል፣ ከዚያ ብቻውን ወደ ተማሪዎቹ ይሄዳል።

ሞተሩ ላይ የምቀመጠው በጎኔ ነው፤ ሁለቱም እግሬ በግራ በኩል ይንጠለጠላል። በካርቱም ሴት እንደ ወንድ እግሯን አንፈራጣ ሞተር ላይ ከወጣች መንገደኛው ሁሉ ዳኛ ይሆናል። በቀኝ በኩል እንዳልዞር ደግሞ የጭስ ማውጫው እዚያ ነው፤ አንድ ቀን ሞክሬ ቁርጭምጭሚቴን ተጠብሼ ተመልሻለሁ። ስለዚህ ስድስት ዓመት ሙሉ በግራ ተቀመጥኩ። ማንም ምንም አላለም።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ባሌን ፊቱ ተለዋውጦ አገኘሁት።

«ሞተሩ ወደ ቀኝ ይስባል» አለኝ።

«መቼ?»

«እጄን ስለቅ።»

«እጅህን ለምን ትለቃለህ?»

ነገሩን ጎትቼ ጎትቼ አወጣሁት። እኔን ካወረደኝ በኋላ በወንዙ ዳር ያለው መንገድ ሰፊና ጭር ያለ ነው። እዚያ ሲደርስ ከሰዓት በኋላ ሳጃና ሻይ ቤት ለጓደኞቹ የሚያቀርበውን ክርክር ይለማመዳል። ለልምምዱ እጅ ያስፈልጋል። ግማሽ ሰዓት ሙሉ እኔን በዝምታ ሰምቶኝ የመጣው ሰው፣ እኔ ከመውረዴ ሁለት እጁን ለቆ ለዓባይ ንግግር ያደርጋል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።

«መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ አትልቀቅ» አልኩት።

በሐዘን ተመለከተኝ። «እሱ ችግሩን መሸሽ ነው። የችግሩ ሥር መታወቅ አለበት» አለ።

የችግሩን ሥር ፍለጋ መጀመሪያ የሄደው ቡሪ ሰፈር ወዳለ መካኒክ ነው። ሱዳናዊው መካኒክ ሸምገል ያለ፣ ንግግር የማያበዛ ሰው ነው፤ ሰው ሁሉ ኡስታ ይለዋል። ከኋላው ጎማ እስከ ፊተኛው ክር ወጥሮ አስተካክሎ አየ። የመሪውን ኩሽኔታ ፈትሾ አጠበቀ። ካቴናውን በጣቱ ነካ ነካ አደረገና «ከዌስ ነው፤ ምንም የለውም። እስቲ አንዴ ልንዳው» አለ። ባሌ ግን የሻይ ቤቱ ሰዓት ደርሶበት ስለነበር ሞተሩን ተቀብሎት ሄደ። ማታ ሲነግረኝ «ችግር ማየት የማይችል መካኒክ» አለው።

ሻይ ቤቱ ውስጥ ግን ችግር የሚያይ ሰው ሞልቷል። የባሌ ጓደኞች ሁሉም የተማሩ ናቸው፤ ሁሉም አንድ ጊዜ የአንድ ድርጅት አባል ነበሩ፤ ድርጅቱ ለሁለት ተከፍሎ፣ እያንዳንዱ ግማሽ ደግሞ ለሁለት ተከፍሎ፣ አሁን ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ድርጅት ደርሶታል። ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡትን ዛሬም ሊቀመንበር ብለው ይጠሯቸዋል። የምን ሊቀመንበር እንደሆኑ ጠይቄ የመለሰልኝ የለም። እነዚህ ሰዎች ሻይ ሲደፋ እንኳን ግምገማ ያደርጋሉ። የሞተሩ ጉዳይ ሲመጣላቸው ለረጅም ጊዜ ሥራ ፈቶ የቆየ ማሽን እንደተነሳ ሁሉ ነፍስ ዘሩ።

በመጀመሪያው ግምገማ ጥፋተኛው መንገዱ ሆነ። አስፋልት የዝናብ ውሃ እንዲወርድ ወደ ዳር ያዘቀዝቃል፤ ቀኝ ይዞ የሚነዳ ሰው ወደ ቀኝ ይወርዳል። ይህ እንኳን የጤነኛ ሰው ወሬ ነው። ባሌ ግን ማረጋገጫ ያስፈልጋል ብሎ በማግስቱ በግራው ዳር እጁን ለቆ ነዳ። ከፊት የመጣ ሚኒባስ ሊጨፈልቀው ምንም አልቀረውም፤ ሞተሩ ግን ያን ጊዜም ወደ ቀኝ ሳበ። መንገዱ ነፃ ወጣ። በሁለተኛው ግምገማ ጎማው ተከሰሰ። ጎማው ተቀየረ፤ ሞተሩም እንደ ልማዱ ወደ ቀኝ ሳበ።

በሦስተኛው ሊቀመንበሩ ተናገሩ። ቃላቸውን የነገረኝ ራሱ ባሌ ነው፣ በር ላይ ቆሞ፣ በሁለት እጁ እያብራራ። «ጓዶች፣ ዙሪያውን ዞርን እንጂ ዋናውን አልነካነውም። መሠረታዊው ጥያቄ የተሳፋሪ ጥያቄ ነው» ብለዋል። ስድስት ዓመት ሙሉ በአንድ ወገን የተንጠለጠለ ክብደት የሞተሩን ቴላዮ፣ ያንን አካሉን ሁሉ የተሸከመውን ብረት፣ አጣሞታል። ስለዚህ ተሳፋሪዋ ለጊዜው እንድትወርድ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። በቃለ ጉባኤ ሰፈረ።

«እኔ የምቀመጠው በግራ ነው፤ ታዲያ ለምን ወደ ቀኝ ይስባል?» አልኩት።

«እሱም ጥያቄ ተነስቷል» አለኝ።

«እና?»

«ቴላዮው እየተቃወመ ነው።»

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይላሉ፤ እኔ ዳውላ ሆንኩ። በማግስቱ በሃፍላ፣ በዚያ በሚንገጫገጭ የከተማ ሚኒባስ፣ ሥራ መሄድ ጀመርኩ። ከሳጃና ጀሪፍ በሃፍላ ሁለት ጊዜ ወርዶ መሳፈር ነው። በመካከሉ ፀሐይ ላይ መቆም አለ። ሾፌሩ «ያላ፣ ያላ!» ሲል ባለጉልበት ይቀድማል። ክሊኒክ የምደርሰው ላብ አጥምቆኝ፣ አርፍጄ፣ አኩርፌ ነው።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልኩት የቤታችንን ነገር ነው። ልጃችን ትምህርት ቤት የምትገባበት ዓመት ነበር፤ የዓረብኛ ትምህርት ቤት ትግባ ወይስ የእኛው ሰዎች የሚያስተምሩበት የሚለውን አልወሰንንም። ቤት ውስጥ አንስቼ «ስለ ልጅቷ...» ስል የባሌ ሁለት እጆች ይነሳሉ፤ ከዚያ በኋላ ቋንቋና ማንነት፣ ስደትና ታሪክ እየተባለ እራት ይበርዳል። ልጅቷ ጠረጴዛው ላይ ተኝታ ትገኛለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድም ነገር አልወሰንንም። ተናደድኩ። ከንዴቱ ሥር ደግሞ ሌላ ነገር ነበር፤ ናፈቀኝ ማለት አልወድም፣ ግን ያ ዝም ያለ ጀርባ ናፈቀኝ። ከዚያ ወንበር የሚያወርደኝ ስብሰባ ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ሞተሩ ግን ምስጋና ቢስ ነው። ጥፋተኛዋ ከወረደች ሦስት ሳምንት አልፏት፣ አሁንም ወደ ቀኝ። ሻይ ቤቱ እንደገና ተሰበሰበ። የተሳፋሪዋ ተጽዕኖ ገና ከሞተሩ ውስጥ አልጠፋም የሚል መደምደሚያ ላይ ደረሱ፤ ኢንሻላህ በጊዜ ይጠፋል አሉ።

አንድ ጠዋት ሕመምተኛ እየወጋሁ በረንዳው ላይ ሳቅ ሰማሁ። ብወጣ ሁለት የጡብ ሠራተኞች ባሌን ደግፈው ይዘውታል። እስከ ደረቱ ጭቃ ነው። ጀሪፍ በወንዙ ዳር ጡብ ይመረታል፤ ጭቃ የሚያቦኩባቸው ጉድጓዶች ከመንገዱ በስተቀኝ ናቸው። ባሌ የንግግሩ ዋና ነጥብ ላይ ሲደርስ ሞተሩ ይዞት እዚያ ገባ። ነጥቡ ምን እንደነበር ጠይቄው ነበር፤ «የጋራ አመራር» አለኝ።

ሁለቱም መዳፎቹ ተልጠዋል። ወንበር ላይ አስቀምጬ እጆቹን ይዤ ማጠብ ጀመርኩ። እጁ ሲያዝ ዝም አለ። እኔም ጊዜ አላባከንኩም፤ የልጃችንን ትምህርት ቤት ጉዳይ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። በአዮዲን እየጠረግሁ ነገርኩት፣ በፋሻ እየጠቀለልኩ ነገርኩት። ሳልጨርስ ፋሻው አለቀ።

ፋሻው ሳይወልቅ፣ ጣቶቹ መሪ ለመያዝ ሲበቁ፣ ቡሪ ወደ ኡስታው አብረን እንድንሄድ አስገደድኩት። እሱ በሞተሩ፣ እኔ በሃፍላ፤ ውሳኔው ገና አልተሻረም። ኡስታው በዚህ ጊዜ ስብሰባ አለብኝ የሚል ሰው አላስቸገረውም። ሞተሩን አስነስቶ መንገዱ ላይ ወጣና ሁለት እጁን ለቀቀ። ሞተሩ ቀጥ ብሎ ሄደ። ዞሮ ተመልሶ ሲመጣም ቀጥ ብሎ መጣ። ባሌ ቴላዮውን ጎንበስ ብሎ አየ።

ኡስታው ወርዶ የነጂውን መቀመጫ በመዳፉ ዳሰሰ። ከዚያ የባሌን በፋሻ የተጠቀለለ እጅ ይዞ እዚያው ላይ አስቀመጠለት። የመቀመጫው ቀኝ ጎን ተጨፍልቆ ጎድጉዷል፣ ቆዳውም አልቋል። ግራው እንደ አዲስ ነው።

«ያ ኡስታዝ፣ ከኋላህ ማን ይቀመጣል?» አለው፤ ኡስታዝ በእነሱ ቋንቋ መምህር ማለት ነው።

«ሚስቴ። ግን ወርዳለች።»

«በየት በኩል ትቀመጥ ነበር?»

እኔ ነኝ የመለስኩት። ኡስታው ባሌን ሞተሩ ላይ አስቀመጠውና ከኋላው ቆሞ አየው፤ እኔም አየሁ። ወገቡ ወደ ቀኝ ሄዷል፣ ማንም የሌለበት ወንበር ላይ ለሰው ቦታ እንደሚለቅ ሰው። ስድስት ዓመት ሙሉ እኔ በግራ ስንጠለጠል እሱ ሳያውቀው ትንሽ ትንሽ ወደ ቀኝ እየገፋ ሞተሩን ሚዛን ያስጠብቅልኝ ነበር። ራሱም አያውቅም፣ እኔም አላውቅም። ለዚህ ነው ብቻውን ሲሆን እጁን ሲለቅ ሞተሩ ወገቡን ተከትሎ ወደ ቀኝ የሚስበው።

«ወላሂ፣ ሞተርህ ቀጥ ያለ ነው» አለው ኡስታው። «እሷ ወርዳለች፤ ወገብህ ግን አልሰማም።»

ሻይ ይዘው ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ መሐረቤን ፈልጌ ፊቴን ጠረግሁ። ባሌ መልስ ሊሰጥ እጁን ቢያነሳ ፋሻው ያዘው። እጁን አውርዶ፣ ግኝቱ ለጓዶች ቀርቦ መታየት እንዳለበት ተናገረ።

ያን ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀ። «ይታይ» አልኩት፤ «በቃለ ጉባኤ ወርጃለሁ፣ ሌላ ቃለ ጉባኤ እስኪጻፍ በሃፍላዬ እሄዳለሁ» ብዬ ቦርሳዬን አንስቼ ወደ ፌርማታው መራመድ ጀመርኩ። የእውነቴን ነበር። ከዚያ ወንበር ሁለተኛ በስብሰባ የምወርድ ከሆነ ባልወጣበት ይሻለኛል።

ከኋላዬ ጮኸ። መንገደኛው ሁሉ ዞረ፤ ሻይ የያዙትም ዞሩ።

«ነይ ተቀመጪ እንጂ! ከኋላዬ ከሌለሽ ቀጥ ብዬ መሄድ አልችልም!»

የተናገረው በቁጣ ነው፤ ሁለቱም እጆቹ መሪው ላይ ነበሩ። ተመልሼ መጣሁ፤ ቀሚሴን ሰብስቤ በግራ በኩል ተቀመጥኩና በሞተሩ ጩኸት ምክንያት ያለውን እንዳልሰማሁት ነገርኩት። ሞተሩ ገና አልተነሳም ነበር።

ደገመልኝ።